በአጥንትና በአጥንት መካከል ስለሚገኘው ቅባት

(በራዲዮ ከተሰጠ የጤና ንግግር የተወሰደ)



ከከዚራ ተነሥቶ ወደ መጋላ የሚሻገር ሰው በደቻቱ አሸዋ ላይ ሲያልፍ ስለ እግሩ የሚያስበው ነገር የለም። አሸዋው ከእግሩ ሥር ይሸሻል፤ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ዳሌውም የሰውነቱን ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ድምፅ ሳይሰማና ሕመም ሳይኖር ነው። አጥንት ጠንካራ ነገር መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ጠንካራ ነገር ከጠንካራ ነገር ጋር ሲፋተግም እንደሚጮህ፣ እንደሚግልና እያደር እንደሚያልቅ እናውቃለን። እንግዲያስ አንድ ሰው ከልጅነቱ እስከ ሽምግልናው ድረስ በሚሊዮን የሚቆጠር እርምጃ ሲራመድ ጉልበቱ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተበልቶ የማያልቀው ስለ ምንድን ነው? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ጉዳይ ነው።

ድሬ ዳዋ ለዚህ ትምህርት የተመቸች ከተማ ናት። ከተማዪቱ የተቆረቆረችው በምድር ባቡር ምክንያት መሆኑ የታወቀ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በዚህ ስፍራ የደረሰው በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ አስቸጋሪ ስለ ሆነ ከተራራው ግርጌ አዲስ ከተማ ተሠራ። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባበት ከ1909 ዓ.ም. በኋላም ቢሆን ዋናው የጥገና ጋራዥ ለብዙ ዘመን በድሬ ዳዋ ነበረ። በእንዲህ ያለ ጋራዥ የሠራ ሰው ማንም መጽሐፍ ሳያስተምረው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ግራሶ ያላገኘ ኩሽኔታ አስቀድሞ ይጮሃል፣ ከዚያ ይግላል፣ በመጨረሻም ብረቱ ይበላል። ስለዚህ በማናቸውም ባቡር ላይ ዘይትና ግራሶ የሚጨምር፣ ጊዜውንም ጠብቆ የሚመረምር ሠራተኛ ይመደባል።

የሰው ሰውነትም እንደዚሁ ቅባት ያስፈልገዋል። ልዩነቱ ግን ታላቅ ነው። የባቡሩን ዘይት ከውጭ የሚያመጣለት ሌላ ሰው ነው፤ የእኛን ግን መጋጠሚያው ራሱ ይሠራዋል፣ ራሱ ያጣራዋል፣ አሮጌውን አስወግዶ በአዲስ ይተካዋል። የባቡሩ ዘይት ብረቱን ከመፋተግ ያድነዋል እንጂ አይመግበውም፤ የእኛ ቅባት ግን ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ይህን ሁለተኛውን ነገር ብዙ ሰው ስለማያውቀው ወደ ኋላ ሰፋ አድርገን እንነጋገርበታለን።

አጥንትና አጥንት የሚገናኙበትን ስፍራ መጋጠሚያ ወይም አንጓ እንለዋለን። መጋጠሚያ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የራስ ቅል አጥንቶች እንደ ተሰፋ ጨርቅ ተያይዘው የማይንቀሳቀሱ ናቸው። እኛ የምንናገረው እንደ ጉልበት፣ እንደ ዳሌ፣ እንደ ትከሻ፣ እንደ ክርንና እንደ ጣት ስላሉት ተንቀሳቃሽ መጋጠሚያዎች ነው። በእነዚህ ዘንድ የሁለቱ አጥንቶች ጫፍ ልም አጥንት በሚባል ነገር ተሸፍኗል። የበግ ቅልጥም የጋጠ ሰው ሁሉ አይቶታል፤ በአጥንቱ ራስ ላይ ነጭ ሆኖ እንደ ሸክላ ሳህን የሚያብረቀርቀው፣ ቢላዋ ሲነካው የሚያዳልጠው እርሱ ነው። ሁለቱን ጫፎች በአንድነት የሚይዝ ጠንካራ ከረጢት በዙሪያው አለ፤ የከረጢቱም ውስጠኛ ገጽ በስስ ሽፋን ተለብጧል። ቅባቱ የሚመነጨው ከዚህ ስስ ሽፋን ነው።

የቅባቱ መጠን አነስተኛነት ያስደንቃል። በሰውነታችን ካሉት መጋጠሚያዎች ሁሉ ትልቁ ጉልበት ሲሆን፣ በጤነኛ ጉልበት ውስጥ የሚገኘው ቅባት ብዙውን ጊዜ ከ4 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ይህም አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በጣት መጋጠሚያ ውስጥ ያለው ጠብታ እንኳ አይባልም። መልኩ ውሃ የመሰለ ወይም እንደ ገለባ ጥቂት ቢጫነት ያለው ነው። በብልቃጥ ተቀድቶ ይህ ጋዜጣ ከበስተጀርባው ቢደረግ ፊደሉ አጥርቶ ይነበባል። በጣት ሲነካም የእንቁላል ነጭ ይመስላል። በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው የስዊስ አገር ሐኪም ፓራሴልሱስ «ሲኖቪያ» የሚለውን ስም ያወጣ ሲሆን፣ በስሙ ውስጥ እንቁላል የሚለው የላቲን ቃል የገባው በዚሁ ምክንያት ነው ይባላል። የዛሬ ሐኪሞችም ይህንኑ ስም ይጠቀሙበታል።

ይህ ፈሳሽ ከየት ይመጣል ቢባል፣ መነሻው ደም ነው። በደቻቱ የሚሆነውን ያስቡ። ዝናሙ የሚዘንበው በስተደቡብ ባሉት ተራሮች ላይ ነው፤ ጐርፉ ጭቃውንና ድንጋዩን ይዞ ይወርዳል፤ ከጐርፉም ከፊሉ በአሸዋው ውስጥ ሲሰርግ ጭቃው ከላይ ይቀርና ውሃው ተጣርቶ ወደ ታች ያልፋል። በመጋጠሚያው ስስ ሽፋንም እንዲሁ ነው። ደሙ በሽፋኑ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ሥሮች ሲያልፍ ቀያዮቹ የደም ሕዋሶች፣ ደምንም የሚያረጉት ትልልቅ ነገሮች ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ውሃው፣ ጨዉ፣ ስኳሩና ሌላው ቀለል ያለው ምግብ አልፎ ወደ መጋጠሚያው ይገባል። ስለዚህም ነው የጤነኛ መጋጠሚያ ቅባት ከሰውነት ወጥቶ ቢቀመጥ እንደ ደም የማይረጋው።

ይሁን እንጂ የተጣራ ውሃ ብቻውን ቅባት አይሆንም። በሽፋኑ ላይ የተሰለፉት ሕዋሶች ከራሳቸው ሁለት ነገር ይጨምሩበታል። አንደኛው ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባለው ነው። ይህን ነገር በመጀመሪያ ለይተው ያወጡት ካርል ማየርና ጆን ፓልመር የተባሉ ሊቃውንት ሲሆኑ፣ ያገኙትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1934 ከመጋጠሚያ ሳይሆን ከላም ዓይን ውስጥ ነበር። እንደ ክር እጅግ ረጅም የሆነ፣ እርስ በርሱም የሚጠላለፍ ስለ ሆነ ፈሳሹን እንዲወፍርና እንዲሳብ ያደርገዋል። ሁለተኛው ሉብሪሲን ይባላል፤ ይህኛው በልም አጥንቱ ገጽ ላይ ተለጥፎ አንዱ ገጽ ሌላውን በቀጥታ እንዳይነካ ይከላከላል። ከእነዚህ ሌላ በሽፋኑ ውስጥ የጽዳት ሥራ የያዙ ሕዋሶች አሉ፤ ተፍቆ የወደቀውን ብናኝ እየዋጡ ስፍራውን ንጹሕ ያደርጋሉ።

የዚህ ቅባት ጠባይ የመሐንዲሶችን ቅናት የሚያስነሣ ነው። ሰውዬው ቆሞ ሳለ ቅባቱ ወፍራም ነው፤ መራመድ ሲጀምር ይቀጥናል፤ ፈጥኖ በሄደ ቁጥር ይበልጥ እየቀጠነ እንቅስቃሴውን ያቀልለታል። ድንገተኛ ግጭት ሲመጣበት ደግሞ፣ ሰውዬው ከደረጃ ላይ ቢዘል ለምሳሌ፣ ለአፍታ እንደ ጎማ ሆኖ ዱላውን ይቀበላል። ልም አጥንቱና ቅባቱ በአንድነት ሲሠሩ የሚኖረው መፋተግ በረዶ በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ካለው መፋተግ እንኳ ያነሰ ነው። የሰው እጅ ከሠራቸው ማሽኖች መካከል ያለ ጥገና ሰባና ሰማንያ ዓመት በዚህ ዓይነት የሚሠራ አንድም አልተገኘም።

አሁን ወደዚያ ሁለተኛ ሥራ እንመለስ። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ሥጋም፣ ቆዳም፣ አጥንትም ራሱ ምግባቸውን ከደም ሲቀበሉ ልም አጥንት ግን በውስጡ የሚያልፍ አንድም የደም ሥር ስለ ሌለው በአብዛኛው የሚኖረው ከቅባቱ በሚያገኘው ምግብ ነው። አመጋገቡም እንደ ሰፍነግ ነው። በውሃ የራሰ ሰፍነግ ሲጨመቅ ውሃውን ይተፋል፤ ሲለቀቅ መልሶ ይጠጣል። ሰው አንድ እርምጃ ሲራመድ ክብደቱ በልም አጥንቱ ላይ ያርፍና ያረጀውን ፈሳሽ ያስወጣዋል፤ እግሩን ሲያነሣ ልም አጥንቱ ይላቀቅና አዲሱን፣ ምግብ ያለበትን ፈሳሽ ይስባል። እንግዲህ እርምጃ ሁሉ ለጉልበት አንድ ጉርሻ ነው ማለት ይቻላል። የማይንቀሳቀስ መጋጠሚያ የሚራብ መጋጠሚያ ነው። እግራቸው ተሰብሮ ለረጅም ጊዜ በጀሶ ታስሮ የቆየባቸው ሰዎች ጀሶው ሲፈታ ጉልበታቸው አልታዘዝ የሚላቸው በጡንቻው መድከም ብቻ አይደለም፤ ልም አጥንታቸውም ስለሚሳሳ ነው።

ይህ ነገር የመንግሥት ሠራተኛን በተለይ ይመለከተዋል። ገበሬው ቀኑን ሙሉ ይራመዳል፤ ከተራራ እንጨትና ጫት ተሸክማ ወደ ድሬ ዳዋ ገበያ የምትወርደው ሴት ጉልበቷ በሸክም ብዛት ይጎዳ እንደ ሆነ እንጂ በመቀመጥ አይራብም። በቢሮ የሚውለው ሰው ግን ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከወንበር ጋር ይገናኝና እስከ ምሳ አይለያይም፤ ከምሳ በኋላም እንደዚያው ነው። ከተቀመጠበት ሲነሣ ጉልበቱ የደነዘዘ፣ የተሳሰረ ይመስለዋል፤ ጥቂት እርምጃ ሲሄድ ይፈታለታል። ይህ የሆነበት ምክንያት ቅባቱ ሳይንቀሳቀስ ስለ ቆየ ነው፤ ሲንቀሳቀስ እንደ ገና በገጹ ሁሉ ላይ ይዳረሳል። አንዳንድ ሹም ከሚቀጥለው ክፍል አንድ ፋይል ለማስመጣት ተላላኪ መጥራትን የማዕረግ ምልክት ያደርገዋል። ፋይሉን ራሱ ሄዶ ቢያመጣ ማዕረጉ እንደማይቀነስ፣ ጉልበቱ ግን እንደሚጠቀም በትሕትና ልናስታውሰው እንወዳለን። በግማሽ ሰዓት አንድ ጊዜ ያህል ተነሥቶ ጥቂት መራመድ፣ ካልተቻለም ተቀምጦ ሳሉ እግርን ዘርግቶ ማጠፍ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም።

በዚህ አጋጣሚ ጣታቸውን ጧ ጧ ስለሚያደርጉ ሰዎች ጥቂት እንበል፤ በየቢሮው አይጠፉምና። ድምፁ የአጥንት መሰበር አይደለም። መጋጠሚያው በድንገት ሲሳብ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንስና በቅባቱ ውስጥ ሟሙቶ የነበረው አየር ወጥቶ ባዶ ስፍራ ይፈጥራል፤ አየሩ ተመልሶ እስኪሟሟ ድረስም ያንኑ ጣት እንደ ገና ማስጮህ አይቻልም። ዶናልድ ኡንገር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እናቱና አክስቶቹ ጣትህ ይታመማል እያሉ ስላስፈራሩት ነገሩን ለመመርመር የግራ እጁን ጣቶች ብቻ ለ50 ዓመት ያህል በየቀኑ ሲያስጮህ ኖረ፤ የቀኝ እጁን ተወው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 እንደ ጻፈው በሁለቱ እጆቹ መካከል የበሽታ ልዩነት አላገኘም። የአንድ ሰው ፈተና ሙሉ ማስረጃ አይሆንም፤ ነገር ግን ስለ ትዕግሥቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ከድምፁ ጋር ሕመም ወይም እብጠት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ስለ ሆነ ለሐኪም መታየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሕመሙ እንግባ። ብዙ ሰው ጉልበቱ ሲያብጥና ውሃ ሲቋጥር «ቅባቱ በዝቶ ነው» ብሎ ያስባል፤ እንዲያውም እንደ በጎ ነገር የሚቆጥረው አይጠፋም። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። ውሃ በዛ ማለት ቅባት በዛ ማለት አይደለም። የድሬ ዳዋ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በሌሊት የመጣው የደቻቱ ጐርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሎ በሺህ የሚቆጠሩትን ቤት አልባ ሲያደርግ፣ ውሃ የተጠማች ከተማ ውሃ አገኘች ያለ ማንም አልነበረም። በታመመ መጋጠሚያ ውስጥም የሚሆነው ይህን ይመስላል። ስስ ሽፋኑ ሲቆጣ ማጣሪያነቱ ይበላሻል፤ ያልተጣራ ፈሳሽ ከደም እየሾለከ ይገባል፤ የነበረው ወፍራም ቅባት በውሃ ይበረዛል፤ ረጃጅሞቹም ክሮች ይቆራረጣሉ። ከረጢቱ ይወጠራል፤ ስለዚህም ያማል። ፈሳሹ ከ4 ሚሊ ሊትር ተነሥቶ አንድ የቡና ስኒ ሊሞላ ይችላል፤ ቅባትነቱ ግን ጠፍቷል።

ሐኪም ያበጠ ጉልበት ሲያይ በመርፌ ጥቂት ፈሳሽ ስቦ የሚመረምረው ስለዚህ ነው። ምርመራው ከዓይን ይጀምራል። ፈሳሹ የጠራ ነውን? ወይስ ደፍርሷል? ደም አለበትን? ከዚያም ጠብታው ከመርፌው ጫፍ ሲወርድ ይታያል፤ ጤነኛው ቅባት እንደ ማር ክር አውጥቶ ጥቂት ሣንቲ ሜትር ያህል ይሳባል፤ የታመመው ግን እንደ ውሃ ጠብ ይላል። ቀጥሎም በማይክሮስኮፕ ነጫጭ የደም ሕዋሶች ይቆጠራሉ። በጤነኛ ቅባት ውስጥ በአንድ ኪዩብ ሚሊ ሜትር ከ200 ያነሱ ሲሆኑ፣ ሽፋኑ በተቆጣ ጊዜ ከ2,000 ያልፋሉ፤ መግል የሚያመጣ ተሐዋሲ በገባበት ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ50,000 በላይ ይሆናሉ። ከዚህች ጠብታ የሚገኘውን ማስረጃ ያህል የሚሰጥ ምርመራ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ መርፌውን ሲያነሣ መፍራት አይገባም።

በዚሁ ጠብታ ውስጥ የሪህ ምስጢር ተገልጧል። ሪህ ስንል ሕዝባችን የመጋጠሚያ ሕመምን ሁሉ በዚህ ስም ሲጠራ ይሰማል፤ በሐኪሞች ዘንድ ግን ሪህ የታወቀ አንድ በሽታ ነው። ዩሪክ አሲድ የሚባለው የሰውነት ዝቃጭ በኩላሊት በሚገባ ሳይወጣ ሲቀርና በደም ውስጥ ሲበዛ፣ ወደ መጋጠሚያው ቅባት ገብቶ እንደ ጨው ይረጋል። የረጋውም ነገር መልኩ እንደ ቀጭን መርፌ ነው። ዳንኤል ማካርቲና ጆሴፍ ሆላንደር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 የታመሙትን ሰዎች የመጋጠሚያ ፈሳሽ በልዩ ማይክሮስኮፕ መርምረው እነዚህን መርፌዎች በዓይን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በሽታውን በግምት ሳይሆን በማስረጃ መለየት ተቻለ። ሕመሙ ብዙ ጊዜ በእግር አውራ ጣት የሚጀምረውም የሰውነት ዳርቻ ከመካከሉ ቀዝቀዝ ስለሚልና ይህ ጨው በቅዝቃዜ ፈጥኖ ስለሚረጋ ነው። ቁርጥና ቢራ የበዛበት ግብዣ፣ በተለይም ጉበትና ኩላሊት፣ የዩሪክ አሲዱን መጠን ያነሣሣል። የጾም ወራት ሲፈታ፣ የደመወዝ ቀንም ሲደርስ ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ሪህ የሆዳሞች ቅጣት ብቻ አይደለም፤ በዘር የሚመጣበትና በኩላሊት ድካም የሚይዘው ሰው ብዙ ስለ ሆነ በታመመው ላይ መሳለቅ አይገባም።

ከሁሉም የሚያስፈራው መግል ነው። አንድ መጋጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበትና ሰውዬው ሊያንቀሳቅሰው ካልቻለ፣ ይህ የሌሊት ሐኪም የሚያስቀሰቅስ ጉዳይ ነው። ተሐዋሲው በጥቂት ቀን ውስጥ ልም አጥንቱን በልቶ ይጨርሰዋል፤ የተበላው ልም አጥንት ደግሞ እንደ ቀድሞው ሆኖ አይመለስም። እንዲህ ያለውን ጉልበት ማሸት በሽታውን ማሠራጨት ነው። ወጌሻዎቻችን ለወለምታና ለውልቃት ያላቸውን የእጅ ልምድ አንንቅም፤ ብዙ ሰው ረድተዋል። ነገር ግን የጋለና የቀላ መጋጠሚያ የወጌሻ ሥራ አይደለም፤ አስተዋይ ወጌሻም ራሱ ወደ ሐኪም ቤት ይልከዋል። በዝግታ የሚመጣና ለወራት የሚቆይ እብጠት ሲሆን ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋሲ በመጋጠሚያው ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ዝም ሊባል አይገባውም። በድሬ ዳዋ ዙሪያ የግመልና የፍየል ወተት ሳይፈላ የመጠጣት ልማድ ስላለ ብሩሴሎሲስ የሚባለውንም በሽታ መጥቀስ ያሻል፤ ከወተቱ ጋር የሚገባው ተሐዋሲ ተመላላሽ ትኩሳት፣ ላብ፣ የወገብ፣ የዳሌና የጉልበት ሕመም ያመጣል። ወተቱን አፍልቶ መጠጣት በሽታውን ያስቀረዋል።

ስለ ፈሳሹ የሚነገሩ ሌሎች ነገሮችም አሉ። «የጉልበቴ ቅባት ስለ ደረቀ ቅቤና ቅልጥም ላብዛ» የሚል ሰው ይገጥመናል። የሚበላ ቅባት በሆድ ተፈጭቶ ወደ ደም ይገባል እንጂ ተጉዞ ጉልበት ውስጥ አይፈስም፤ የመጋጠሚያው ቅባት ራሱም በስም ብቻ እንጂ በተፈጥሮው የቅቤ ወገን አይደለም። እንዲያውም ቅቤው ወደ ሆድ ውፍረት ይለወጥና ጉልበቱን ያስጨንቀዋል። ጉልበታቸው በታመመ ሽማግሌዎች ላይ በአሜሪካ ተደርጎ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሰውነት ክብደት አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ሸክም ይወርዳል። በሽያጭ ያለውን ሃያሉሮኒክ አሲድ በመርፌ ወደ ጉልበት ስለ ማስገባት ደግሞ ሐኪሞች ራሳቸው አልተስማሙም፤ አንዳንድ ሕመምተኛ ይሻለኛል ይላል፤ ብዙ ጥናቶች ግን ጥቅሙ አነስተኛ መሆኑን አሳይተዋል። ዋጋውም ቀላል ስላልሆነ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሐኪሙን በግልጽ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሕመም ቶሎ የሚያበርደውን የስቴሮይድ መርፌ ወይም ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ሻጭ መቀበል ግን አደገኛ ነው፤ የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ የከፋ ነው።

የጭኑን ጡንቻ ማበርታት ለጉልበት ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል፤ ጡንቻው ክብደቱን ስለሚካፈለው ነው። በእግር መሄድ፣ ከወንበር ላይ በእጅ ሳይደገፉ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ በቂ ናቸው። በሁዳዴ የሚሰግደው ክርስቲያንና በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግደው ሙስሊም ከነፍሳቸው ጥቅም ሌላ መጋጠሚያቸውንም ያንቀሳቅሳሉ። ጉልበቱ የታመመበት ሰው ግን በወንበር ላይ ሆኖ ቢጸልይ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ የሚያዝኑ መሆናቸውን የሃይማኖት አባቱን ጠይቆ ሊረዳ ይችላል።

በመጨረሻ የምንናገረው የድሬ ዳዋ ሰው በገዛ አንጓው ስላየው ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. የክረምት ማብቂያና በ2012 ዓ.ም. መባቻ በከተማዪቱ ውስጥ ቺኩንጉንያ የሚባል በሽታ ገብቶ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ያዘ። ትኩሳቱ ድንገተኛ ነበር፤ ከትኩሳቱም ጋር የጣት፣ የእጅ አንጓ፣ የቁርጭምጭሚትና የጉልበት ሕመም መጣ። ጤነኛ ሆኖ ያደረ ጎልማሳ ጧት ሸሚዙን መቆለፍና ብዕሩን መያዝ ተሳነው። የበሽታው ስም የተወሰደው በደቡብ ታንዛንያ ከሚነገረው ከማኮንዴ ቋንቋ ሲሆን፣ ሰውን የሚያጎብጥ፣ የሚያጣምም ማለት ነው፤ በሽታውም በመጀመሪያ የታወቀው በዚያው አገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ነበር። ሕመምተኛው እንዲያ የሚጎብጠው ቫይረሱ ቅባቱን በሚሠራው በዚያ ስስ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ስለሚያስቆጣው ነው። የጽዳት ሥራ የያዙት ሕዋሶች እንኳ የቁጣው ተካፋይ ይሆናሉ። አብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይድናል፤ ገዳይነቱም ጥቂት ነው። ነገር ግን ሕመሙ ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ የሚቆይበት ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ሰነፍ ተብሎ በመሥሪያ ቤቱ ሊወቀስ አይገባውም፤ ሕመሙ ከውጭ ባይታይም በእርግጥ አለ።

ለዚህ ቫይረስ የተለየ መድኃኒት የለውም። ዕረፍት፣ ብዙ ውሃ መጠጣትና ፓራሲታሞል ይረዳሉ። አስፕሪንና የመሰሉትን መድኃኒቶች ግን ሐኪም ሳያይ መውሰድ አይገባም፤ በ2006 ዓ.ም. በድሬ ዳዋ ተነሥቶ የነበረው የደንጊ ትኩሳት በአጀማመሩ ከዚህ ጋር ስለሚመሳሰልና በደንጊ የተያዘ ሰው አስፕሪን ቢወስድ የመድማት አደጋ ስላለበት ነው። ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ መጋጠሚያውን ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስ እንጂ አልጋ ላይ ተኝቶ መጠበቅ አይመከርም፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግረናል።

ሁለቱንም በሽታዎች የምታመላልሰው ትንኝ እንደ ወባዋ ትንኝ በረግረግ አትራባም፤ በሌሊትም ሳይሆን በቀን ትናከሳለች። መኖሪያዋ ቤታችን ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ ቤተ ሰብ ሁሉ ውሃ በበርሜል ያጠራቅማል፤ ትንኟም ዕንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው ከፍ ብሎ ባለው በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው። በጓሮ የተጣለ አሮጌ ጎማና ቆርቆሮም እንደዚሁ ያገለግላታል። ዕንቁላሉ ደርቆ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ውሃ ሲደርሰው ይፈለፈላል፤ ከዚያም በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ያህል ውስጥ የሚበር ትንኝ ይሆናል። ስለዚህ በርሜሉን በጠባብ ክዳን ወይም በስስ ጨርቅ መሸፈን፣ በሳምንትም አንድ ጊዜ ባዶ ሲሆን ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጎ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ውሃውን መድፋት ብቻ ዕንቁላሉን ከግድግዳው ላይ አያስለቅቀውም።